ድር ቢበዛ ሳይሆን ድር ቢያብር፦ ራሳቸውን ስለሚያሰልፉ ናኖ ቅንጣቶችና ስለ ፖሊመር ኮምፖዚቶች



በሀገራችን የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። አፈሩ በውሃ ከራሰ በኋላ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል፤ ይገለበጣል፤ ዳግመኛ ይረገጣል፤ ከዚያም እንዲቦካ ለቀናት ይተዋል። ጭዱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ የቀረበት ግድግዳ በዚያው ቦታ እንደሚሰነጠቅ ሠሪዎቹ ከልምድ ያውቃሉ። ስለዚህም ከሥራው ሁሉ ጉልበትና ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ጭዱን ማምጣት ሳይሆን ጭዱን በጭቃው ውስጥ ማዳረስ ነው።

የቁሳቁስ ሳይንስ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ይህንኑ የጭቃ ሠሪዎች ጥያቄ እጅግ ወደ ረቀቀ ዓለም አውርዶታል። በጭቃው ፋንታ ፖሊመር፣ በጭዱ ፋንታ መጠናቸው በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣቶች ገብተዋል። በእግር መርገጥ ግን በዚያ ዓለም አይሠራም። ቅንጣቶቹ በተፈለገው መልክ እንዲሰለፉ ከተፈለገ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያሰልፉ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚያም በዩኒቨርሲቲዎቻችን በዚህ መስክ የምንሠራው ምርምር በተሳሳተ ጥያቄ ላይ እየተመሠረተ መሆኑን፣ ስሕተቱም የእኛም ጭምር መሆኑን ለመግለጽ እንወዳለን።

የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን የሸክላ ማዕድን ዱቄትን ከቀለጠ ፖሊኤትሊን ጋር በተለያየ መጠን እየቀላቀለ የፕላስቲኩን ጥንካሬ ይለካ ነበር። ሥራው ትጋት የታየበት ነበር። ናሙናዎቹ እየተጎተቱ ሲበጠሱ የተገኘው ውጤት በአንድ ግራፍ ላይ ሰፈረ። ጥንካሬው በመጀመሪያ በጥቂቱ ከፍ አለ፤ የዱቄቱ መጠን እየጨመረ ሲሄድ ግን ተመልሶ ወረደ። እኛም አማካሪዎቹ የግራፉን ጫፍ አይተን “ተስማሚው መጠን ይህ ነው” ብሎ እንዲደመድም አደረግን።

የመመረቂያ ጽሑፉ በቀረበበት ዕለት አንድ አንጋፋ መምህር “ለምን በዚያ መጠን? ከዚያ በላይ ሲሆንስ በውስጡ ምን ተፈጠረ?” ሲሉ ጠየቁ። ተማሪው ወደ እኛ አየ፤ እኛም ወደ ወረቀታችን አየን። ከዚያ በኋላ ከናሙናዎቹ አንዱን ቆርጠን በተራ የእጅ ማጉያ መነጽር ስንመለከተው መልሱን አገኘነው። በሪፖርቱ ርዕስ ላይ “ናኖ” ብለን የሰየምነው ዱቄት ተጓጉሎ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ አሸዋ ቅንጣት ተበታትኖ ይታይ ነበር። የአንድ ሚሊሜትር ሩብ የሚያህል ጓል ናኖ ሊባል አይችልም። ፕላስቲኩም ሲጎተት የሚሰነጠቀው ከእነዚህ ጓሎች ዙሪያ እየጀመረ ነበር።

ያ ግራፍ ስለ ናኖ ቅንጣቶች የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም። ተማሪው ተመረቀ፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ትንሽ መሆን ምን ይጠቅማል?

እንደሚታወቀው አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ቁስን ወደዚህ መጠን ማድቀቅ የሚያስገኘው ዋናው ለውጥ የውጭ ገጽ ስፋት መጨመር ነው። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ኩብ እንውሰድ። የገጹ ጠቅላላ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆነ ትናንሽ ኩቦች ብንቆራርጠው የገጾቹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም 420 ካሬ ሜትር ከሆነው ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ገጽ ከአቃፊው ፖሊመር ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ከቅንጣቶቹ አጠገብ ያልሆነ የፖሊመር ክፍል የለም ለማለት ያስደፍራል። የኮምፖዚቱ ባሕርይ የሚለወጠውም በአብዛኛው በዚህ የመገናኛ ድንበር ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመጠን መመጣጠን ነው። የፖሊመር ሞለኪውል እጅግ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ በቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ይገኛል። የልቃቂቱም ስፋት ብዙውን ጊዜ በአሥር ናኖሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 10 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት ለዚህ ሰንሰለት ድንጋይ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ይህ ጉርብትና ምን ያህል ያልተጠበቀ ውጤት እንደሚያስከትል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1906 ባቀረበውና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባረመው ቀመር መሠረት በፈሳሽ ውስጥ ክብ ቅንጣቶች በጥቂቱ ሲጨመሩ የፈሳሹ ዝልግልግነት ከቅንጣቶቹ የይዘት ድርሻ በ2.5 እጥፍ ያድጋል፤ 5 በመቶ ብንጨምር 12.5 በመቶ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ማይክል ማካይና ባልደረቦቻቸው እጅግ ጥቃቅን የፖሊስታይሪን ቅንጣቶች በቀለጠ ፖሊስታይሪን ውስጥ ሲገቡ ዝልግልግነቱ በማደግ ፋንታ እንደሚቀንስ አሳዩ። የድንጋዩ ሕግ በጎረቤቱ ላይ አልሠራም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ቅንጣቶቹ ናኖ ሆነው ከቆዩ ብቻ ነው። ትልቅ ገጽ ያለው ነገር ሁሉ ገጹን ለመሸፈን ይሻል። ቅንጣቶች ሲቀራረቡ የቫን ደር ቫልስ ኃይል ያጣብቃቸዋል፤ ከፖሊመሩ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይወዳጃሉ። ገንፎ ሲገነፋ ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ እንዴት እንደሚጓጉል እናቶቻችን ያውቃሉ። የገንፎው ጓል በማማሰያ ሊፈርስ ይችል ይሆናል፤ የናኖው ጓል ግን በማማሰል ብዛት አይፈታም፤ ቢፈታም ተመልሶ ይያያዛል። ስለዚህ መፍትሔው ያለው በጉልበት ሳይሆን ቅንጣቱ ከጎረቤቱ ጋር ባለው ዝምድና ነው።

ያለ አሰላፊ መሰለፍ

ራስን በራስ ማሰለፍ የምንለው ቅንጣቶች ወይም ሞለኪውሎች ከውጭ አንድ በአንድ የሚያስቀምጣቸው እጅ ሳይኖር፣ በመካከላቸው ባለው መሳሳብና መገፋፋት እንዲሁም በሙቀት እንቅስቃሴ ብቻ ሥርዓት ያለው ቅርጽ ሲይዙ ነው። የሳሙና ሞለኪውሎች በውሃ ውስጥ ውሃ የሚጠላ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ውሃ የሚወድ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሉል ይሠራሉ። የሰውነታችን ሕዋሳት ሽፋንም በዚሁ መንገድ ይሰለፋል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር መሳሳብ ብቻውን ሥርዓት እንደማያመጣ ነው። መሳሳብ ብቻ ካለ ጓል ይፈጠራል፤ መገፋፋት ብቻ ካለ መበተን ይሆናል። ቅርጽ የሚወለደው ሁለቱ ሲመዛዘኑ ነው።

ከዚህም በላይ ቅንጣቶቹ በቀጥታ ባይሳሳቡም እንኳ በዙሪያቸው ያሉት ሰንሰለቶች ሊያቀራርቧቸው ይችላሉ። ጃፓናውያኑ ሾ አሳኩራና ፉሚዮ ኦሳዋ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳብራሩት፣ ሁለት ቅንጣቶች እጅግ ሲቀራረቡ በመካከላቸው የፖሊመር ልቃቂት ሊገባበት የማይችል ጠባብ ክፍተት ይፈጠራል። በውጭ በኩል ያሉት ልቃቂቶች ሲገፉ፣ ከውስጥ በኩል መልሶ የሚገፋ ስለሌለ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በቀላቃይ መሣሪያ ፍጥነት ማሸነፍ አይቻልም። የቅንጣቱን ገጽ መለወጥ ግን ይቻላል።

ይህንን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2009 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሳናት ኩማርና ባልደረቦቻቸው በ‹ኔቸር ማቴሪያልስ› መጽሔት ያወጡት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ 14 ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ክብ የሲሊካ ቅንጣቶች ወስደው በገጻቸው ላይ የፖሊስታይሪን ሰንሰለቶችን እንደ ፀጉር ተከሉባቸው። ከዚያም ቅንጣቶቹን በዚያው በፖሊስታይሪን ውስጥ ቀላቅለው በሙቀት አቆዩአቸው። ሲሊካው ፖሊስታይሪንን አይወድም፤ ፀጉሩ ግን ራሱ ፖሊስታይሪን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅንጣት ልክ እንደ ሳሙና ሞለኪውል በአንድ አካል ሁለት ጠባይ ያዘ። ፀጉሩ ጥቂትና አጭር ሲሆን ቅንጣቶቹ ተጓጎሉ። ፀጉሩ ብዙና ረጅም ሲሆን እያንዳንዳቸው ተለያይተው ቆሙ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ዶቃ ፈትል ተሰካክተው ታዩ፤ አለዚያም ሰፋፊ ንጣፎችን ሠሩ። ቅንጣቱ ያው ነው፤ አቃፊው ፖሊመር ያው ነው፤ የተለወጠው የፀጉሩ ብዛትና ርዝመት ብቻ ነው። የኮምፖዚቱ ባሕርይ ግን ከአሰላለፉ ጋር ተለወጠ፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው በቆሙባቸው ናሙናዎች የቀለጠው ፖሊመር እንደ ጠጣር መመከት ጀመረ።

ፖሊመሩን ራሱን የአሰላለፉ አዛዥ ማድረግም ይቻላል። እንደ ዘይትና ውሃ የማይስማሙ ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ ሲጋጠሙ፣ ሊለያዩ ይፈልጋሉ፤ ታስረዋልና ሊለያዩ አይችሉም። በመሆኑም በአሥር ናኖሜትሮች የሚለካ ስፋት ያላቸው ተደራራቢ ንጣፎችን ወይም ሌሎች ቅርጾችን ይሠራሉ። ገጹ ከአንደኛው ሰንሰለት ጋር የሚስማማ ቅንጣት ወደዚህ ቀላቅል ሲገባ የሚስማማውን መንደር ፈልጎ ይሰፍራል። ቅንጣቶቹ የሚሰለፉት ፖሊመሩ አስቀድሞ ባሰመረላቸው መስመር ላይ ነው ማለት ነው።

ከዋልካ አፈር እስከ ናይለን

ከላይ ያነሣነው ነገር ሁሉ የቤተ ሙከራ ጨዋታ እንዳይመስል ወደ ፋብሪካ የገባ አንድ ሥራ እናንሣ፤ መነሻውንም ከምናውቀው አፈር እናድርገው። በደጋው የሀገራችን ክፍል ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ በውስጡ በብዛት የሚገኙት ስሜክታይት የተባሉ የሸክላ ማዕድናት ናቸው። እነዚህ ማዕድናት 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው የሠሯቸው ናቸው። በቅጠሎቹ መካከል ውሃ ሲገባ ይከፈታሉ፤ ሲወጣ ይዘጋሉ። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሞንትሞሪሎናይት የቤንቶናይት ዋና ማዕድን ሲሆን፣ በአፋር ክልል የቤንቶናይት ክምችት መኖሩ በጂኦሎጂ ጥናቶች ተመዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን የቶዮታ ማዕከላዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህንኑ የመጽሐፍ ባሕርይ ሥራ ላይ አዋሉት። በመጀመሪያ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን የሶዲየም አዮን 12 ካርቦን ባለው አሚኖ አሲድ ተኩ። ውሃ ይወድ የነበረው ክፍተት በዚህ የተነሣ የናይለን መነሻ የሆነውን ካፕሮላክታም የሚቀበል ሆነ። ካፕሮላክታሙ ወደ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ወደ ናይለን-6 ሰንሰለትነት ተለወጠ፤ ሰንሰለቱም እያደገ ሲሄድ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገፍቶ ለያያቸው። ቅጠሎቹን የገለጠ ቢላዋ የለም፤ ሥራውን ኬሚስትሪው ራሱ ጨረሰው።

ውጤቱ በዘርፉ ታሪክ የሚጠቀስ ሆነ። በክብደት 4.2 በመቶ ብቻ ሸክላ የያዘው ናይለን የመጎተት ጥንካሬው ከ69 ወደ 107 ሜጋፓስካል፣ ግትርነቱም ከ1.1 ወደ 2.1 ጊጋፓስካል አደገ። በጭነት ሥር ሳይለመጥ የሚችለው ሙቀት ደግሞ ከ65 ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ አለ። ቁሱ ለመኪና ሞተር የታይሚንግ ቤልት መሸፈኛ እስከመሆን ደረሰ። ከዚህም ሌላ ጠፍጣፋዎቹ ቅጠሎች ለጋዝ እንደ ግድግዳ ስለሚቆሙ በፕላስቲኩ ውስጥ ማለፍ የሚፈልግ የኦክስጅን ሞለኪውል ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ለመሄድ ይገደዳል። ያንኑ ሸክላ ቅጠሎቹን ሳይለያዩ በዱቄትነቱ የቀላቀለ ሰው ይህን ሁሉ አያገኝም። የእኛ ተማሪ ያላገኘውም ስለዚህ ነው።

ማበር ሁልጊዜ በረከት አይደለም

እዚህ ላይ አንባቢ “እንግዲያውስ ቅንጣቶችን ለያይቶ መበተን ነው ዋናው ነገር” ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገሩ ግን ከዚህ ይረቅቃል። መልካም አሰላለፍ የሚባለው ቁሱ ከሚሰጠው አገልግሎት ተለይቶ አይታወቅም።

ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፕላስቲክ በካርቦን ቅንጣቶች አማካይነት አስተላላፊ እንዲሆን ከተፈለገ ቅንጣቶቹ ተነጣጥለው መቆም የለባቸውም፤ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ መረብ መሥራት አለባቸው። በዘፈቀደ ለተበተኑ ክብ ቅንጣቶች እንዲህ ያለው መረብ የሚገኘው የይዘት ድርሻቸው በግምት 16 በመቶ ሲደርስ ነው። ቅንጣቶቹ ራሳቸውን እንደ ዶቃ ፈትል ካሰለፉ ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን መንገዱ ይገናኛል። በአንጻሩ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ መቆየት ያለበት ሽፋን ሲሆን መቧደን ጠላት ነው። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በመሆኑ ቅንጣቶቹ ተቧድነው ወደዚህ መጠን ሲጠጉ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ሽፋኑም ወተት ይመስላል።

ከሁሉም የተሻለው ምሳሌ በየቀኑ የምንጓዝበት የመኪና ጎማ ነው። ጎማ ጥቁር የሆነው በውስጡ ባለው የካርቦን ጥላሸት ምክንያት ነው። ጥላሸቱ ጎማውን ያጠነክረዋል፤ ቅንጣቶቹም በላስቲኩ ውስጥ ራሳቸውን በመረብ ያያይዛሉ። ነገር ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ይህ መረብ ይበጠሳል፤ ተመልሶም ይያያዛል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ከነዳጁ የተገኘ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ክስተቱ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባጠኑት ተመራማሪ ስም የፔይን ውጤት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚሼሊን ኩባንያ በጥላሸቱ ፋንታ በአብዛኛው ሲሊካን የተጠቀመ ጎማ ለገበያ አቀረበ። ሲሊካ በተፈጥሮው ከላስቲክ ጋር አይስማማም፤ ብቻውን ቢገባ ከጥላሸቱ ብሶ ይጓጉላል። መፍትሔ የሆነው ሲሌን የተባለ ድልድይ ሞለኪውል ነው። ይህ ሞለኪውል በአንድ ጫፉ ሲሊካውን፣ በሌላው ጫፉ በሰልፈር በኩል ላስቲኩን ይይዛል። ቅንጣቶቹ ከእርስ በርሳቸው ይልቅ ከላስቲኩ ጋር ስለተሳሰሩ የሚበጠሰው መረብ ቀነሰ፤ በመንከባለል የሚባክነውም ጉልበት እንዲሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የነዳጅ ቁጠባው ምንጭ የቅንጣቱ መብዛት ወይም ማነስ ሳይሆን ከማን ጋር እንደተያያዘ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን ወደ ተነሣንበት ነጥብ እንመለስ። በፋኩልቲዎቻችን በኮምፖዚት ላይ የሚሠሩ ብዙ የምርምር ሥራዎች አንድ ዓይነት መልክ እንዳላቸው ታዝበናል። አንድ ዱቄት ይመረጣል፤ በተለያየ መቶኛ ይቀላቀላል፤ ናሙናው ይጎተታል፤ ከፍተኛው ነጥብ “ተስማሚ መጠን” ይባላል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ሌላ ሰው በሌላ ቀላቃይ ቢደግመው ይለወጣል፤ ቁጥሩን የወሰነው መቶኛው ሳይሆን ያልታየው አሰላለፍ ነበርና። እኛ የምንለው “ስንት ጨመርን?” ከሚለው ጥያቄ በፊት “የጨመርነው ነገር በውስጡ እንዴት ቆመ?” የሚለው ይቅደም ነው።

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። የናኖ ዓለምን በቀጥታ የሚያሳየው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውድ ነው፤ ጥገናውም ከዋጋው አይተናነስም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ሳያዩ ከመደምደም በፊት በእጃችን ባሉ መንገዶች ብዙ ማወቅ ይቻላል። ቅንጣቶቹን በሚቀላቀሉበት ፈሳሽ ውስጥ በጥብጦ በብርጭቆ ማሳደር ምንም ወጪ የለውም፤ ሲነጋ ከታች የዘቀጠ ዱቄት ካለ ቅንጣቶቹ ተጓጉለዋል ማለት ነው። ስስ የፕላስቲክ ናሙና በጽሑፍ ላይ አኑሮ ፊደሉ ጠርቶ መነበቡን ማየትም እንዲሁ ቀላል ነው።

ሸክላን በተመለከተ ደግሞ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ያለው የጂኦሎጂ ወይም የኬሚስትሪ ክፍል ጠቃሚ ጎረቤት ነው። በመዳብ ምንጭ በሚገኘው የ0.154 ናኖሜትር ኤክስሬይ ሲለካ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.2 ናኖሜትር ከሆነ ምልክቱ በ7.4 ዲግሪ ገደማ ይታያል። ሰንሰለቶቹ ገብተው ርቀቱን ወደ 3 ናኖሜትር ካሰፉት ምልክቱ ወደ 2.9 ዲግሪ ይሸሻል። ቅጠሎቹ ፈጽሞ ከተለያዩ ምልክቱ ይጠፋል። እርግጥ የምልክት መጥፋት ብቻውን የመለያየት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሸክላው ጥቂት ከሆነ ወይም ቅጠሎቹ በሥርዓት ካልተደረደሩም ሊጠፋ ይችላልና። ቢሆንም ይህ መለኪያ እኛ ያን ጊዜ ከሠራነው ግምት እጅግ ይሻላል። ማይክሮስኮፑ ግድ በሚሆንበት ጊዜም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የየራሱን ከሚመኝ ያለውን በጋራ፣ በተራ ሰሌዳ መጠቀም ይበጃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ “ፋብሪካዎቻችን የሚፈልጉት ርካሽና ጠንካራ ፕላስቲክ እንጂ የቅንጣት ሥዕል አይደለም” የሚል ነው። መልሳችን ፋብሪካ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ዛሬ ያገኘውን ውጤት ነገም ማግኘት ነው የሚል ይሆናል። አሰላለፉ ያልታወቀ ቁስ አንድ ቀን ይጠነክራል፤ ሌላ ቀን ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱንም የሚናገር አይኖርም። በተጨማሪም የተዘጋጀ ናኖ ቅንጣት ከፕላስቲኩ የሚወደድ በመሆኑ ተጓጉሎ የቀረ እያንዳንዱ ግራም የባከነ ገንዘብ ነው። የአሰላለፍ ዕውቀት እንግዲህ የቅንጦት ሳይሆን የቁጠባ ዕውቀት ነው።

ሌላም የምንጨነቅበት ጉዳይ አለ። ገጹን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኬሚስትሪ ነው፤ የመሳሳብና የመገፋፋቱ ሚዛን የፊዚክስ ነው፤ ሸክላውን የሚያውቀው ጂኦሎጂ ነው፤ ቁሱን የሚፈትነው ምሕንድስና ነው። ተማሪዎቻችን ግን እነዚህን በየክፍሉ ግድግዳ ተለያይተው ይማራሉ። የቀረበው መረሬ አፈርም ሆነ የአፋር ቤንቶናይት በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ የሚገባ አይደለም። መጣራት፣ ገጹ መለወጥ፣ መፈተሽ አለበት። ይህንን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚከታተል አንድ የጋራ ትምህርትና አንድ የጋራ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ቢኖር፣ ሸክላውን ከውጭ በጆንያ ገዝቶ ከመቀላቀል የተሻለ ነገር እናያለን ብለን እናምናለን።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ “ድር ቢበዛ” አላለም፤ “ቢያብር” አለ እንጂ። የሸረሪቷ ድር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ክሩ ከፕሮቲን የተሠራ ተፈጥሯዊ ፖሊመር ሲሆን፣ በውስጡ ጥቂት ናኖሜትር የሚያህሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ለስላሳ በሆነው የፕሮቲን ክፍል ውስጥ ራሳቸውን አሰልፈው ይገኛሉ። ክሪስታሎቹ ጥንካሬን፣ ለስላሳው ክፍል መለጠጥን ይሰጣሉ። ሸረሪቷ ይህንን የምትፈትለው በውሃ፣ ያለ እሳትና ያለ ከፍተኛ ግፊት ነው። አንበሳውን የሚያስረው ኅብረት ከድሩ ክሮች መካከል ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ክር ውስጥም አለ ማለት ነው።

ያ አንጋፋ መምህር የጠየቁት ጥያቄ ዛሬ በቤተ ሙከራችን የተለመደ ሆኗል። አንድ ተማሪ ናሙናውን ይዞ ሲመጣ ወደ መጎተቻው መሣሪያ ከማለፉ በፊት በመስኮቱ ብርሃን ላይ እንዲያነሣውና በውስጡ የሚያየውን እንዲጽፍ እንጠይቀዋለን። በሌሎች ፋኩልቲዎች ያላችሁ ባልደረቦቻችንም ይህንኑ እንድታደርጉ፣ በምታዩትም ነገር በዚህ መጽሔት ገጾች እንድትወያዩበት በአክብሮት እንጋብዛለን።